ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ የትኛውን እንቅስቃሴ ልጻፍ? ለጅማ ልጆች ዝርዝር መመሪያ

ከጅማ ወጥተው አሜሪካ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ሲሞሉ ረቂቃቸውን ይልኩልኛል። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚደረደረው ሰርተፊኬት ያለው ነገር ነው። የአንድ ቀን ሥልጠና፣ የግማሽ ቀን ወርክሾፕ፣ በትምህርት ቤት በዓል ላይ የተሰጠ የምስጋና ወረቀት። ጭራሽ የማይጻፈው ደግሞ አያትን ለስኳር ክትትል ሆስፒታል ማመላለስ፣ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት፣ ከትምህርት መልስ የቤተሰቡን ሱቅ መጠበቅ ነው። ለዚህ ሥራ ማንም ማኅተም ያለው ወረቀት አልሰጣቸውም። ስለዚህ ቁም ነገር አይመስላቸውም።

እኔ ግን ማመልከቻውን የሚያከብደው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ምርጫችሁ በወረቀት አይሁን። በቆያችሁበት ጊዜና በእጃችሁ በነበረው ኃላፊነት ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

ይህ ዝርዝር ለማን ያስፈልጋል?

እዚህ አገር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር የሚወስነው ውጤት ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራችሁን የሚጠይቅ ፎርም የለም። ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ወደ ውጭ ለሚያመለክቱ ነው። በተለይ አሜሪካ።

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት አምካስ (AMCAS) በሚባለው የጋራ ሥርዓት በኩል ነው። በተማሪ ቪዛ ያሉ አመልካቾችን የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የሚቀበሉትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ የተወሰደ የኮሌጅ ትምህርት ይጠይቃሉ። በዲቪ ሄዶ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው በዚህ በኩል ሰፋ ያለ በር አለው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የየትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ አንብቡ።

ወደ እንግሊዝ የምታመለክቱ ከሆነ መንገዱ ዩካስ (UCAS) የሚባለው የእነሱ የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት ነው። እዚያ የእንቅስቃሴ ዝርዝር የሚባል ሰንጠረዥ የለም። በፈረንጅ በ2026 ትምህርት ከሚጀምሩት አንሥቶ የግል ጽሑፉ በ3 ጥያቄዎች ተከፍሏል። ጠቅላላው 4,000 ፊደል ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ 350 ፊደል ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጥያቄ ከትምህርት ውጪ ምን እንደሠራችሁና ለምን እንደጠቀማችሁ ይጠይቃል። እዚህ የምነግራችሁ አመራረጥ ለዚያም ይሠራል። ቁጥሮቹ ግን የአምካስ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፎርሙ ስንት ቦታ እንዳለው እወቁ

አምካስ እስከ 15 እንቅስቃሴ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታና ነጥብ ተቆጥሮ 700 ፊደል ይሰጣችኋል። በእንግሊዝኛ መቶ ምናምን ቃል ማለት ነው። ከ15ቱ ውስጥ እስከ 3 ድረስ «ለእኔ ትልቅ ትርጉም ያላቸው» ብላችሁ መለየት ትችላላችሁ። ለነዚህ ለእያንዳንዳቸው 1,325 ፊደል ይጨመርላችኋል። ከጽሑፉ ሌላ የሥራው ዓይነት፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ወር፣ ጠቅላላ ሰዓት፣ ቦታውና ስለ እናንተ የሚጠየቅ ሰው ይሞላል።

15 ጣሪያ ነው፤ ግዴታ አይደለም። ቦታ ተረፈ ብላችሁ የማይረባ ነገር አትሙሉበት። ጠንካራ 9 ከተልፈሰፈሰ 15 ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሳትመርጡ ሁሉንም አውጡ

መጀመሪያ መምረጥ አትጀምሩ። ደብተር ውሰዱና ያደረጋችሁትን በሙሉ ጻፉ። ለማስታወስ የስልካችሁን ፎቶ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ ሂዱበት። የድሮ የቴሌግራም ግሩፖችን ክፈቱ። ከዚያ እናታችሁን ጠይቁ። እናት እናንተ የረሳችሁትን ክረምት በደንብ ታስታውሳለች።

ጅማ ያደገ ልጅ እነዚህን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አስታማችኋል? ትንንሽ ወንድምና እህት አሳድጋችኋል? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ አጋሮ ወይም ሊሙ ዘመድ ቤት ወርዳችሁ ሠርታችኋል? ቡና አድርቃችኋል፣ ለቅማችኋል፣ ሚዛን ላይ ቆማችኋል? መርካቶ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይዛችኋል? ባጃጅ ነድታችኋል? ለክፍያ የተሠራ ሥራ በፎርሙ ላይ የራሱ ምድብ አለው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሕፃናት አስተምራችኋል? ትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ ወይም ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበራችሁ? በክረምት በጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤት አድሳችኋል? የእግር ኳስ ፕሮጀክት ውስጥ ታዳጊዎችን አሠልጥናችኋል? ክራር ትመታላችሁ? እነዚህም ይጻፉ።

አንድ ነገር ለብቻው ላንሳ። ቋንቋ። የጅማ ሆስፒታል ከመላው ደቡብ ምዕራብ ሰው የሚመጣበት ነው። ከዴዶና ከሰቃ የመጣው አፋን ኦሮሞ ይናገራል። ከዳውሮና ከካፋ የመጣው ደግሞ የራሱን ቋንቋ። ጎረቤት ሲታመም «እስቲ አንተ አብረህ ሂድና አስተርጉምላቸው» የተባለ ልጅ ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። አሜሪካ ያሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በደመወዝ ይቀጥራሉ። እናንተ በነፃ ያደረጋችሁት ይህ ሥራ ታካሚና ሐኪም የሚግባቡበትን መንገድ ከውስጥ አሳይቷችኋል። ከዝርዝሩ አታውጡት።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ

የኛ ልጆች ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ የሚፈልገው የፈረንጅ ወርና ዓመት ነው። እናንተ የምታስታውሱት ግን በኛ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ 7 ዓመት ትጨምራላችሁ። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ግን 8 ነው። ታኅሣሥ በመሀል ትሰነጠቃለች። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 በፈረንጅ ዲሴምበር 30 ቀን 2023 ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ሆኗል። ያው ወር፣ ያው ዓመት፣ በነሱ ግን ሌላ ዓመት። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ደግሞ ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። በግምት አትሂዱ፤ በካላንደር አፕ አንድ በአንድ ቀይሩ። በዝርዝራችሁ ላይ ያለው ቀን የሚጠየቀው ሰው ከሚናገረው በአንድ ዓመት ቢለያይ ውሸት ይመስላል።

ሰዓት ስታሰሉ ዓመቱን በ52 ሳምንት አትምቱት። ቅዳሜ ቅዳሜ 3 ሰዓት ያስጠና ልጅ በፈተና ሳምንት አላስጠናም፤ በበዓልም አላስጠናም። በእውነት የሠራው ወደ 30 ሳምንት ይሆናል። 30 በ3 ሲባዛ 90 ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ከቆየ 180። ይህ ቁጥር ንጹሕ ነው። ማንም ቢጠይቃችሁ ስሌቱን ማሳየት ትችላላችሁ።

ክረምት ክረምት ብቻ የሠራችሁት ካለ ከመጀመሪያው ክረምት እስከ መጨረሻው አንድ ረጅም መስመር አታስምሩ። አምካስ ለተደጋገመ ሥራ እስከ 4 የተለያየ የጊዜ ክልል ያስገባል። እያንዳንዱን ክረምት ለብቻው ከነሰዓቱ ሙሉ። ገና የምትቀጥሉበት ሥራ ካለም ወደፊት የምትሠሩት ሰዓት የሚጻፍበት የራሱ ቦታ አለው። ከተሠራው ጋር አትቀላቅሉት።

አያትን ማስታመም በሰዓት እንዴት ይቆጠራል? ከባድ ነው። በሳምንት ስንት ቀን መድኃኒት እንደሰጣችሁ፣ ምግብ እንዳበሰላችሁ፣ ለቀጠሮ እንደወሰዳችሁ አስቡና ዝቅ ያለውን ግምት ያዙ። አብራችሁ ቁጭ ያላችሁበትን ምሽት ሁሉ አትቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ አሁን አጥሩ

ደብተራችሁ ላይ 25 ወይም 30 ነገር ሊኖር ይችላል። በእያንዳንዱ ፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

እኔ ባልኖር ምን ይጎድል ነበር? ከሁሉ በላይ የማምነው ጥያቄ ይህ ነው። 200 ተማሪ በወጣበት የችግኝ ተከላ ቀን አንድ ችግኝ የተከለ ልጅ ባይመጣም ችግኙ ይተከላል። ችግኞቹን ለሁለት በጋ ውኃ ያጠጣ ልጅ ግን ቢቀር ችግኙ ይደርቃል። የመጀመሪያው ይውጣ፤ ሁለተኛው ይግባ።

ምን ያህል ቆየ? ከአንድ ሳምንት በታች የሆነ ነገር ብቻውን ቦታ አይገባውም። አምስት አጫጭር ሥልጠና ካላችሁ በአንድ ቦታ ጠቅልሏቸው፤ ወይም ተዉአቸው።

ሌላው ያልተናገረውን ይናገራል? ሦስት ቦታ አስጠንታችሁ ከሆነ ሦስት ቦታ አትያዙ። አንድ ላይ አድርጉና ሰዓቱን ደምሩ።

መቼ ነበር? አንባቢዎቹ የሚጠብቁት ኮሌጅ ከገባችሁ በኋላ ያለውን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ክበብ ብዙም አይጠቅምም። ኮሌጅ ከገባችሁም በኋላ የቀጠላችሁት ከሆነ ግን ይግባ። ዘጠነኛ ክፍል ሆናችሁ የጀመራችሁትን ማስጠናት ዛሬም በየክረምቱ ስትመለሱ ካደረጋችሁት፣ ያ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ዝርዝራችሁ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል።

ሰርተፊኬት አለው ወይ የሚል ጥያቄ እንዳላስገባሁ ልብ በሉ። ፎርሙ ላይ ሰርተፊኬት አይያያዝም፤ የሚፈልገው የሚጠየቅ ሰው ነው።

ደረጃ 5፦ ሆስፒታል ውስጥ የሠራችሁትን በጥንቃቄ መዝኑ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ሕክምና የሚፈልግ ሰው ታማሚ አጠገብ ቆሞ ማየቱ ይጠበቃል። ሐኪም አጠገብ ሆኖ መመልከት፣ ማለትም ሻዶዊንግ፣ የራሱ ምድብ አለው። ነገር ግን እዚህ አገር አጎት ሐኪም ከሆነ፣ ወይም የሰፈር ክሊኒክ ባለቤት ጎረቤት ከሆነ፣ ልጁ «ና እስቲ ሞክር» ይባላል። መርፌ ይወጋል። ቁስል ይሰፋል። ልጁ በኩራት ይጽፈዋል።

አትጻፉት። ከዚያም በላይ አታድርጉት። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገና ሕክምና ያልገቡ ተማሪዎች በሌላ አገር ታካሚ ላይ ያልሠለጠኑበትን ነገር እንዳያደርጉ መመሪያ አውጥቷል። አንባቢው ያንን ሲያይ የሚያስበው ስለ ድፍረታችሁ አይደለም፤ ስለ ታካሚው ነው። ታካሚው ፈቅዶ ነበር? የሚወጋው ልጅ የሕክምና ተማሪ እንኳን እንዳልሆነ ያውቅ ነበር? ይህን የጻፈ ልጅ ሌላው ዝርዝሩ ያማረ ቢሆንም በዚህ አንድ መስመር ሊወድቅ ይችላል።

ጥሩው መንገድ ይህ ነው። ለክረምት ስትመጡ ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው ዘንድ ማመልከቻ አስገቡና በጽሑፍ ፈቃድ አግኙ። ስትገቡ ታካሚው ማን እንደሆናችሁ ይነገረው። ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ «ዶክተር» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ፤ «ተማሪ ነኝ፣ ለማየት ነው የመጣሁት» በሉ። መሸኘት፣ ማስተርጎም፣ ካርድ ማውጣት ማገዝ፣ ጋሪ መግፋት፣ አስታማሚውን ማጽናናት የእናንተ ሥራ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር በገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት መዞርም እንደዚሁ። የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ፤ ውጭ ያለው አንባቢ አያውቀውም።

ሌላው የታካሚ ምስጢር ነው። ጅማ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስም ባትጠሩም «ከፈረንጅ አራዳ የመጣች በእሳት የተቃጠለች የነጋዴ ልጅ» ብትሉ የሚያውቃት ያውቃታል። ሰፈሩን፣ ዕድሜውን፣ የቤተሰቡን ሥራ አውጡ። ያያችሁት ነገር ይበቃል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበራችሁ፣ ነርስም ሆናችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ ተጨማሪ ነገር አላችሁ። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጅ በ1983 ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጀምሮ የታወቀው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚባለው ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ማኅበረሰቡ ውስጥ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግር ለይተው ሥራ ይሠራሉ። ይህ ግን ማርክ ያለው ትምህርት ነው። ስታስገቡት የትምህርቱ አካል እንደነበር በግልጽ ጻፉ። በጎ ፈቃድ አታስመስሉት። በደመወዝ የሠራችሁበትን ጊዜ ደግሞ ጤና ነክ ሥራ ብላችሁ በደመወዝ ምድብ አስገቡ። ሁለት ዓመት ጤና ጣቢያ የሠራ ነርስ ሻዶዊንግ ፍለጋ መሯሯጥ ብዙም አያስፈልገውም።

ደረጃ 6፦ ሦስቱን ለዩ

ልጆች ሦስቱን ትልልቅ ስም ያላቸውን ያደርጓቸዋል። ምርምር፣ ሆስፒታል፣ ፕሬዚዳንትነት። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። የትኛው ሥራ ላይ ሐሳባችሁን ቀይራችኋል? መጀመሪያ ምን ታስቡ ነበር፣ በኋላስ? ይህን መመለስ የምትችሉባቸውን ሦስት ውሰዱ። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሰው የሚነካ ሥራ ቢሆን ጥሩ ነው። የቤተሰብ ሱቅ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል? አዎ። ዱቤ የጠየቀች እናትን ልጆቿ ፊት ሳታሳፍሩ እንዴት እንደመለሳችሁ የሚናገር ጽሑፍ ከአሥር የአመራር ሥልጠና ይበልጣል።

የቤት ችግሩ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ አባት ሞተው ቤቱን እናንተ ይዛችሁት ከሆነ፣ አምካስ በሕይወታችሁ ላይ ተጽዕኖ ያሳደረ ነገር የሚጻፍበት ሌላ ቦታም አለው። እዚያም 1,325 ፊደል አለ። ያንኑ ታሪክ ሁለት ቦታ አትድገሙት። ሥራውን በዝርዝሩ፣ ሁኔታውን እዚያ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ 700ዋን ፊደል ጻፉ

ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ «ተሳትፌያለሁ»፣ «ረድቻለሁ»፣ «ተደርጓል» እንላለን። አንባቢው ግን ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ ይፈልጋል። «እኔ» ብሎ የሠሩትን በትክክል መናገር ጉራ አይደለም። ጉራ የሚሆነው ያልሠሩትን ሲጨምሩ ነው።

ደካማው እንዲህ ይላል፦ «በክረምት በጎ ፈቃድ ሆስፒታል ውስጥ ተሳትፌያለሁ። ኅብረተሰብን ማገልገል ምን ያህል እንደሚያስደስት ተረድቻለሁ።»

ጠንካራው እንዲህ፦ «ከገጠር የመጡ ታካሚዎችን በር ላይ እቀበል ነበር። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ስለምናገር ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪና መድኃኒት ቤት እየሸኘሁ አስተረጉም ነበር። ብዙዎቹ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ሳይገባቸው እንደሚሄዱ አየሁ። ስለዚህ የተነገራቸውን በቃላቸው እንዲደግሙልኝ መጠየቅ ጀመርኩ። በሁለተኛው ክረምት ይህንኑ ለአራት አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች አሳየሁ።»

ሁለተኛው ውስጥ አንድም የሚያጋንን ቃል የለም። ሥራ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ እንደገና ጻፉት። ቃል በቃል አትተርጉሙ። እድር፣ ቀበሌ፣ ሚኒ ሚዲያ የሚሉትን በአራት አምስት ቃል አስረዱ። እድርን ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ ሐዘን የሚወጡበት ማኅበር ብትሉት ይበቃል።

ደረጃ 8፦ የሚጠየቀውን ሰው አዘጋጁ

ሳትነግሩት ማንንም አትጻፉ። ስልኩን ከ251 ጀምራችሁ፣ የፊቱን ዜሮ አውጥታችሁ አስገቡ። ኢሜይሉ የሚከፈት መሆኑን መልእክት ልካችሁ አረጋግጡ። እዚህ ብዙ ኃላፊዎች የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አይጠቀሙም፤ የግል ኢሜይላቸውን ይስጧችሁ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ እገሌ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ጸሐፊውን ወይም ሥራችሁን ያየ መምህር አስገቡ። በተቻለ መጠን ዘመድ አይሁን። ለቤተሰብ ሥራ ግን ከዘመድ ውጪ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያኔ ጎረቤት ወይም የምትታወቁበት የሃይማኖት አባት ይሻላል።

ለዚያ ሰው የጻፋችሁትን አንብቡለት። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት። «ይሄ እንኳን አልነበረም» ካለ አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ከመላካችሁ በፊት

ሁሉንም ከፎርሙ ውጪ በፋይል ጽፋችሁ አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ የጻፋችሁት አብሮ እንዳይጠፋ። ፊደሉን እዚያው ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ፎርሙ ገልብጡ።

ከዚያ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥና ከዝርዝሩ የፈለገውን እየመረጠ «ስለዚህ ንገረኝ» ይበላችሁ። በቃለ መጠይቅ የሚሆነው ይሄው ነው። ሁለት ደቂቃ መናገር ያቃታችሁ ነገር ካለ አውጡት፤ ምንም ያህል ሰርተፊኬቱ ቢያምር።

አምካስ ላይ ማመልከቻው አንዴ ከተላከ የእንቅስቃሴ ዝርዝሩን መልሶ ማረም አይቻልም። በላካችሁ ዕለት ኮፒውን አውርዱና ስማቸውን ለሰጣችኋቸው ሰዎች «ዛሬ ልኬያለሁ፣ ሊደውሉላችሁ ወይም ሊጽፉላችሁ ይችላሉ» ብላችሁ ንገሯቸው።